«ኬሚካል አልነካውም» ሲሏችሁ ጭማሪ መክፈል ያዋጣል? ከጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ገበያ አንጻር

ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ድንች፣ ማር ወይም ዶሮ ጠይቃችሁ ከሆነ «የሀገር ቤት ነው፣ ኬሚካል አልነካውም» የሚለው ቃል አዲስ አይሆንባችሁም። ያው ማር ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሲደርስ «ኦርጋኒክ» የሚል ወረቀት ይለጠፍበትና ዋጋው ሽቅብ ይወጣል። ቴሌግራም ላይ የሚሸጡትም «ንጹሕ፣ ተፈጥሯዊ፣ ከገበሬው እጅ» እያሉ ነው የሚያስተዋውቁት።

ጥያቄው ቀላል ነው። ያ ጭማሪ ገንዘብ ምን ይገዛልናል? ጤና? ጣዕም? ወይስ ቃሉን ብቻ? በዚህ ጽሑፍ መልሱን በየምግቡ ለያይተን እናያለን፤ ምክንያቱም ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለም።

በመጀመሪያ «ኦርጋኒክ» ምን ማለት ነው?

በገበያ ወሬ ኦርጋኒክ ማለት «የሀበሻ» ማለት ነው። በሕግ ግን ትርጉሙ ጠበቅ ያለ ነው። ኦርጋኒክ ምርት ማለት ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ (ዩሪያ፣ ኤንፒኤስ)፣ ሰው ሠራሽ ፀረ ተባይና ፀረ አረም፣ እንዲሁም ዘረመሉ የተለወጠ ዘር ሳይገባበት የተመረተና ይህንንም ከሻጭና ከገዢ ውጭ የሆነ አካል በየጊዜው እየመረመረ ያረጋገጠለት ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት በኬሚካል ሲታረስ የቆየ መሬት ወዲያው ኦርጋኒክ አይባልም፤ ለዓመታዊ ሰብል 2 ዓመት፣ እንደ ቡና ላለ ቋሚ ተክል ደግሞ 3 ዓመት መቆየት አለበት።

ኢትዮጵያም የራሷ ሕግ አላት፤ በ1998 ዓ.ም. የወጣው የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488 ነው። በሀገራችን ብዙ አምራቾች በኦርጋኒክ ተመዝግበዋል። ግን አብዛኛው ለውጭ ገበያ የሚሄድ ነው፤ ቡና፣ ሰሊጥ፣ ማር። ምስክር ወረቀቱን የሚሰጡትም በብዛት የውጭ ድርጅቶች ናቸው፤ ወጪውም ለአንድ ገበሬ ብቻውን የሚቻል አይደለም።

ስለዚህ ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ገበያ ላይ «ኦርጋኒክ» ተብሎ የሚሸጥላችሁ ነገር ከጀርባው ምስክር ወረቀት የለውም ብላችሁ ብታስቡ ብዙም አትሳሳቱም። ያላችሁ ማስረጃ የሻጩ ቃል ነው። ቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ቃል ነው።

ታዲያ የኛ አካባቢ ምርት ኬሚካል የለውም?

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አንቀላቅል። ማዳበሪያ አንድ ነገር ነው፤ ገበሬው «መድኃኒት» የሚለው ፀረ ተባይና ፀረ አረም ሌላ ነገር ነው።

ማዳበሪያ መርዝ አይደለም። ተክሉ ናይትሮጅኑን ከኩበት አገኘው ከዩሪያ፣ በሥሩ ሲስበው ያው ናይትሮጅን ነው። ዩሪያ ሲበዛ መሬትን ያሳስታል፣ ውኃንም ይበክላል፤ ይህ እውነት ነው። ግን «በማዳበሪያ የበቀለ ጤፍ ያሳምማል» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም።

መድኃኒቱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስንዴና ጤፍ ላይ ለአረም የሚረጨው ቱ ፎር ዲ፣ ድንች ላይ ቅጠል ለሚያጠቁረው በሽታ የሚረጨው፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ላይ ለትል የሚረጨው፣ ጎተራ ውስጥ ለነቀዝ የሚገባው ክኒን፤ እነዚህ ናቸው «ኬሚካል» ስንል ልናስብባቸው የሚገባን።

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ መሬት አንድ ዓይነት አይደለም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚወጣው ከጉና ተራራ ሥር ገብስና ድንች ይበቅላል። ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ስትወርዱ ማሽላ፣ ጤፍና ሽምብራ ታገኛላችሁ። አብዛኛው እርሻ ዝናብ ጠብቆ የሚታረስ፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ነው። በመስኖ አትክልት የሚመረትበት የፎገራ ሜዳ ላይ የሚረጨው የመድኃኒት መጠን እዚህ ዳገት ላይ ካለው ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ የኛ ገብስ፣ ባቄላና ማሽላ ምስክር ወረቀት ባይኖረውም በአብዛኛው ብዙ ኬሚካል ያልነካው ነው። የሚገርመው፣ ጭማሪ ዋጋ የሚጠየቅበት ግን እሱ አይደለም። ጭማሪው ያለው ማር፣ ዶሮ፣ እንቁላልና ቅቤ ላይ ነው።

ለጤና በእርግጥ ይሻላል?

በዓለም ላይ ይህ ጥያቄ ብዙ ተጠንቷል። በ2012 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ200 በላይ ጥናቶችን ሰብስበው መረመሩ። በንጥረ ምግብ ይዘት ረገድ ኦርጋኒኩ ከሌላው በግልጽ የሚበልጥበት ነገር ብዙም አላገኙም። የፀረ ተባይ ቅሪት ግን ኦርጋኒኩ ላይ የመገኘቱ ዕድል ያነሰ ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራ ሌላ ሥራ 343 ጥናቶችን ደምሮ ኦርጋኒክ ሰብሎች አንቲኦክሲዳንት የሚባሉት ንጥረ ነገሮች እንደሚበዙባቸው፣ ካድሚየም የተባለው ጎጂ ብረትም እንደሚያንስባቸው ጽፏል።

ሁለቱ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ትልቁ ልዩነት ያለው የመድኃኒት ቅሪቱ ላይ ነው። በቪታሚንና በፕሮቲን በኩል ኪስን የሚያራግፍ ልዩነት የለም።

ቅሪቱ ደግሞ የሩቅ ሀገር ጉዳይ አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ በጅማ ዞን የተካሄደ ጥናት ከጤፍ፣ ከበቆሎ፣ ከበርበሬና ከቡና በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ ዲዲቲን ጨምሮ የፀረ ተባይ ቅሪቶችን አግኝቷል። ዲዲቲ እኮ ለእርሻ የተከለከለ ነው። ስለዚህ «እኛ ሀገር ሁሉም ተፈጥሯዊ ነው» ብሎ መዝናናትም አያዋጣም።

«ተፈጥሯዊ» ሁሉ ደህና አይደለም

ይህን ሳናነሳ ማለፍ አንችልም። ጓያን ውሰዱ። ማዳበሪያ አይፈልግ፣ መድኃኒት አይፈልግ፣ ድርቅም አይበግረው። ከሱ የበለጠ «ኦርጋኒክ» የለም። ግን ለወራት በብዛት ከተበላ እግርን ያሽመደምዳል፤ የደረሰበት ሰው ደግሞ አይድንም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደምቢያ ላይ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ከጋይንት በስተምሥራቅ ባለው ደላንታና ዳውንት ብዙ ሰው የጎዳው እህል ከማሳው የተለቀመ፣ ኬሚካል ያልነካው ጓያ ነበር።

ያልፈላ ወተትም እንዲሁ ነው። «ከላሟ በቀጥታ» መባሉ ከሳንባ ነቀርሳና ከብሩሴላ አያድንም፤ መፍላት አለበት። ማርም ቢሆን ምንም ያህል ንጹሕ ይሁን ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ ለአዋቂ ምንም የማያደርገው ባክቴሪያ ሕፃኑን ሊመርዘው ይችላል። እርጥበት ያገኘው እህልና በርበሬ ላይ የሚወጣው ሻጋታም አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። ሻጋታ ተፈጥሯዊ ነው፤ ግን ማንም ሊበላው አይገባም።

አሁን በየምግቡ እንየው

1. የሀበሻ ዶሮና እንቁላል

ጭማሪው በጣም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ለምን ተወደደ? ምክንያቱ ኬሚካል አይደለም። የሀበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ገደማ እንቁላል ነው የምትጥለው፤ የተሻሻሉት የእንቁላል ዝርያዎች ከ200 በላይ ይጥላሉ። የሀበሻዋ ቀስ ብላ ነው የምታድገው፣ ጭልፊትና በሽታም ይጨርሳታል። ስለዚህ ውድነቷ ትክክለኛ ነው።

ጣዕሙስ? ሥጋዋ ጠንከር ያለና ጣዕም ያለው የሆነው ስለምትሮጥና ዕድሜዋ ስለሚገፋ ነው። ለዶሮ ወጥ ይህ ዋጋ አለው፤ ቶሎ የማይበታተን ሥጋ የሚፈልግ ወጥ ነውና። ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ጭማሪ ብትከፍሉ ገንዘባችሁ አልጠፋም።

እንቁላል ላይ ግን ቆም በሉ። የአስኳሉ ቢጫነት ዶሮዋ ከምትበላው ይመጣል፤ ቅጠልና በቆሎ የበላች ማንኛዋም ዶሮ ቢጫ አስኳል አላት። የእንቁላሉ ማነስም ማስረጃ አይሆንም፤ መጣል የጀመረች የፈረንጅ ዶሮም መጀመሪያ ላይ ትንሽ ትንሽ ነው የምትጥለው። በፕሮቲን ደግሞ ሁለቱም ያው ናቸው።

ይህ ለምን ያስጨንቀናል? በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት 41 ያህሉ የቀነጨሩ ነበሩ። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ፣ በአንድ ብር 6 የሀበሻ እንቁላል ወይም 10 የፈረንጅ እንቁላል መግዛት ከሆነ ምርጫው፣ 10ሩን ግዙ። ሕፃኑን የሚያሳድገው ብዛቱ ነው እንጂ ስሙ አይደለም።

ፍርድ፦ ዶሮዋ ለጣዕም ታዋጣለች። እንቁላሉ ለጤና ተብሎ ጭማሪ አያስከፍልም።

2. ማር

ማር ላይ ዋናው ስጋት ኬሚካል ሳይሆን ስኳር ነው። ክብሪት በመለኮስ፣ ውኃ ውስጥ በመጨመር፣ ወረቀት ላይ በማንጠባጠብ ይለያል የሚባለው ሁሉ አስተማማኝ አይደለም። «ረጋ፣ ስለዚህ ስኳር አለበት» የሚባለውም ስህተት ነው፤ ንጹሕ ማርም ይረጋል። ቀለሙም የሚወሰነው ንቡ በቀሰመው አበባ ነው።

ከነሰፈፉ የተሸጠ ማርን ማጭበርበር ይከብዳል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቀፎውን ከምታውቁት ሰው፣ ማር በሚቆረጥበት ወቅት መግዛት ነው።

ሌላም ነገር አለ። አደይና መጭ የሚያጠፋው የአረም መድኃኒት የንቡንም ቀለብ ያጠፋል፤ በአበባ ሰዓት የሚረጨው ፀረ ተባይ ደግሞ ንቡን ራሱን ይገድላል። ለእውነተኛ ማር የምትከፍሉት ጭማሪ ገበሬው ከርጭቱ እንዲቆጠብ ምክንያት ይሆነዋል።

ፍርድ፦ ምንጩን ካወቃችሁ ያዋጣል። ካላወቃችሁ «ኦርጋኒክ» የሚለው ወረቀት ምንም አይጨምርም።

3. ቅቤ

እንደ ማሩ ነው። የአትክልት ቅቤ ወይም ሌላ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበት የተያዘ ቅቤ ዜና በየበዓሉ ዋዜማ የምንሰማው ነው። ሁለት ኪሎ ርካሽ ቅቤ ስታነጥሩት ብዙው ውኃና አሰር ከሆነ፣ አንድ ኪሎ ተኩል ጥሩ ቅቤ ይበልጠዋል። ዋጋውን የምታወዳድሩት ከነጠረ በኋላ በቀረው ልክ ይሁን።

ፍርድ፦ ለሚታወቅ እጅ ጭማሪው ያዋጣል።

4. ድንች፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ጎመን

ሰው ጭማሪ ለመክፈል የማያስብባቸው እነዚህ ናቸው፤ መድኃኒት በብዛት የሚረጭባቸውም እነዚህ ናቸው። በተለይ በመስኖ የሚመረቱት። ገበሬው ከረጨ በኋላ የተወሰነ ቀን ሳይጠብቅ ከለቀመ ቅሪቱ ከነሕይወቱ ገበታ ላይ ይደርሳል።

የሚቻል ከሆነ ከርጭት ነፃ መሆኑን ከምታውቁት ጓሮ ግዙ። ካልሆነ በሚወርድ ውኃ እያሻሻችሁ እጠቡ፣ ድንቹን ላጡት፣ የጎመኑን የውጭ ቅጠል ጣሉት። ማጠብ ሁሉንም አያስወግድም፤ አንዳንዱ መድኃኒት ወደ ውስጥ ይገባል። ግን ላዩ ላይ ያለውን ብዙውን ይቀንሳል፣ ዋጋውም ውኃ ብቻ ነው።

ፍርድ፦ ጭማሪ መክፈል የሚገባ ከሆነ እዚህ ላይ ነው።

5. ጤፍ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ በቆሎ

ጤፍ ነቀዝ የማይደፍረው እህል ነው። አባቶቻችን ሽምብራና ሌላ ጥራጥሬ ከጤፍ ጋር ቀላቅለው የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው፤ ጤፉ ክፍተቱን ሞልቶ ነቀዙን መንቀሳቀሻ ያሳጣዋል። ስለዚህ «ክኒን ያልገባበት ጤፍ» ብሎ ጭማሪ መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ ድሮስ ምን ሊያደርግለት ይገባል?

ባቄላ፣ በቆሎና ስንዴ ላይ ግን ጠይቁ። የነቀዝ ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ማርከሻ የለውም። ክኒን ያለበትን ጆንያ በፍጹም ሰው በሚተኛበት ክፍል አታስቀምጡ። ከሀገር ቤት እህል ሲላክላችሁ ክኒን ገብቶበት እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ከገባበት ውጭ ላይ ዘርግታችሁ ለቀናት አናፍሱት። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ደግሞ ያለ ምንም ክኒን ነቀዙን አፍኖ ይገድላል።

ፍርድ፦ ለጤፍ አያስፈልግም። ለባቄላና ለበቆሎ ከከረጢቱ የወጣ፣ ክኒን ያልገባበት ከሆነ ትንሽ ጭማሪ ይገባዋል።

«እንግዲያው ማዳበሪያው ጭራሽ ይቅር?»

ከተማ ተቀምጦ ይህን ማለት ቀላል ነው። ግን ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ውስጥ ለዓመታት የቆዩ ወረዳዎች ናቸው። ማለትም ብዙ ቤተሰብ ያመረተው እህል እስከ ቀጣዩ አዝመራ አያደርሰውም። መሬቱ ለዘመናት ታርሶ፣ ጎርፍ አፈሩን ወስዶት፣ ከፍታው ላይ ደግሞ አሲዳማ ሆኗል።

የስሪላንካን ታሪክ እናስታውስ። መንግሥቷ በሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ሀገሪቱን በአንድ ጊዜ ኦርጋኒክ አደርጋለሁ ብሎ የማዳበሪያና የፀረ ተባይ ግዢ ከውጭ እንዳይገባ ከለከለ። የሩዝ ምርት አሽቆለቆለ፣ ዋጋ ናረ፤ በኅዳር ወር ውሳኔው ተቀለበሰ። ችግሩ ኮምፖስት መጥፎ መሆኑ አልነበረም፤ የሚተካው ሳይዘጋጅ ያለው መነጠቁ ነው።

ተዘጋጅቶ ሲሠራ ደግሞ ውጤቱ ሌላ ነው። በ1988 ዓ.ም. በትግራይ በነ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ የተጀመረው ሥራ ኮምፖስትን ከእርከንና ከግጦሽ ቁጥጥር ጋር አያይዞ ነው የሄደው። ኮምፖስት ያገኘው ማሳ ምንም ካላገኘው እጥፍ ያህል ምርት የሰጠበት፣ ከዩሪያና ዳፕ ጋር የተስተካከለበት ወይም የበለጠበት ጊዜ ተመዝግቧል።

የኛ አካባቢ ትልቁ መሰናክል ኩበቱ ነው። መሬቱን ማዳበር የነበረበት እበት ደርቆ ምድጃ ውስጥ ይነዳል፤ እንጨት የለማ! እናቶች ኩበት የሚያነዱት ኮምፖስት ጥቅም እንዳለው ጠፍቷቸው አይደለም፣ እራት መብሰል ስላለበት ነው። ስለዚህ «ኦርጋኒክ» ግብርና እዚህ የሚጀምረው ከማገዶው ነው፤ እንጨት የሚቆጥብ ምድጃ፣ በዳርቻ የተተከለ ዛፍ፣ ባቄላና ገብስን ማፈራረቅ፣ አሲዳማ መሬት ላይ ኖራ።

ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ

«ኦርጋኒክ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁሌም «አዎ» ነው። ይልቅ እንዲህ በሉ፦

• «እናቴ፣ ይሄ ከራስዎ ጓሮ ነው ወይስ ገዝተው ነው?»
• «መድኃኒት የተረጨው መቼ ነው? ከተረጨ ስንት ቀን ቆየ?»
• «ለነቀዝ ምን አደረጋችሁበት?»
• «ማሩ የተቆረጠው መቼ ነው? ሰፈፉን ማየት ይቻላል?»

እነዚህ ጥያቄዎች ሰውን አያስቀይሙም። የራሱን ምርት የሚሸጥ ሰው ደስ ብሎት ይመልሳል፤ ገዝቶ የሚያተርፈው ነው የሚንተባተበው።

ለመስመር ላይ ሻጭ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፤ «ከየትኛው ቀበሌ፣ ለገበሬው በስንት ገዝታችሁ?» ነፋስ መውጫ ላይ በተለመደው ዋጋ ተገዝቶ አዲስ አበባ ላይ «ኦርጋኒክ» ሲባል ዋጋው ከተሰቀለ፣ ጭማሪው ለወረቀቱ የተከፈለ ነው። ያን ጊዜ ገበሬዋ ያለ መድኃኒት የማምረት ምክንያት አይኖራትም፤ ጎረቤቷ ረጭቶም በዚያው ዋጋ ይሸጣላ።

በአጭሩ

ጭማሪ ክፈሉ፦ ምንጩን ለምታውቁት ማርና ቅቤ፣ ርጭት ለሌለበት አትክልት፣ ለበዓል ዶሮ።

አትክፈሉ፦ ለ«ኦርጋኒክ» ጤፍ፣ ለቢጫ አስኳል፣ ስም ብቻ ለተለጠፈበት ማሰሮ።

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ቤተሰብ ያላችሁ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ዕድል አላችሁ። የምትበሉትን ያመረተውን ሰው በስሙ ታውቁታላችሁ። ያ ሰው ያለ መድኃኒት እንዲያመርት ከፈለጋችሁ፣ ጭማሪውን ለመሐል ነጋዴ ከምትሰጡት ለሱ ላኩለት፤ ከብሩ ጋርም ያንን ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ጨምሩበት።

ጠቃሚ ሆኖ ካገኛችሁት ለቤተሰብ ግሩፖቻችሁ አጋሩት።